ከጎንደር ደባርቅ በሞተር፣ ባለቤት ሳትቀየም

ሰላም ወንድሜ። ሌላውም እንዲከታተል ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው፦ 150 ሲሲ ሞተር አለህ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነህ፣ ቅዳሜና እሑድ ወደ ሰሜን ተራሮች መንዳት ያምርሃል። ባለቤትህ ደግሞ «ያለችንን ሁለት ቀን ለብረት ልትሰጣት ነው?» ብላሃለች። ከደባርቅ ወዲያ ያለውን የሊማሊሞን ቁልቁለትም ልውረድ ወይ፣ ሁለቱን ልጆች ከፊትና ከኋላ ጭኜ ብሄድስ ብለህ ጠይቀሃል።

ከልጆቹ ልጀምር፤ አይሆንም። አባት ልጁን ሰልባቲዮ (የቤንዚን ታንከሩ) ላይ አስቀምጦ፣ እናት ከኋላ በጎን ተቀምጣ ሲሄዱ ከተማ ውስጥ በየቀኑ ስለምናይ ዓይናችን ለምዶታል። ግን ሰልባቲዮ ላይ ያለ ልጅ ድንገት ፍሬን ሲያዝ የሚንጠለጠለው መሪው ላይ ነው፤ ያኔ ሞተሩን የምትነዳው አንተ አይደለህም። ነጠላ ደግሞ ሌላው ጣጣ ነው። ጫፉን ነፋስ ካነሳው ሄዶ ሄዶ ካቴናው (ሰንሰለቱ) ወይም የኋላ ጎማው ሽቦ ውስጥ ይገባል፣ ከገባ አይለቅም፣ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ከሆነ የሚሆነውን አስበው። ጋቢም ያው ነው። ባለቤትህ አብራህ መሄድ ከፈለገች ሱሪ ትልበስ፣ እግሯን ግራና ቀኝ አድርጋ ትቀመጥ፣ ሄልሜት ታጥልቅ። ነጠላው ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ደባርቅ ስትደርስ ትለብሰዋለች።

እኛ ቤት የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ቤተሰቡ በሚኒባስ፣ እኔ በሞተር፣ መድረሻው አንድ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እወጣለሁ። ልጆቹ ቁርሳቸውን በልተው፣ እናታቸው ቤቱን ዘግታ መናኸሪያ እስኪደርሱ፣ ሚኒባሱም እስኪሞላ ድረስ እኔ ግማሹን መንገድ ጨርሻለሁ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልት ነው፤ እየቆሙም ቢሄዱ ከሦስት ሰዓት አያልፍም። ዋናው ቁም ነገር ከእነሱ ቀድመህ መድረስህ ነው። ክፍል ይዘህ፣ ፊትህን ታጥበህ፣ ወርደህ ሻንጣውን ከሚኒባሱ ስትቀበላት ካገኘችህ፣ ስለ ሞተሩ ክፉ የምትናገርበት አፍ አይኖራትም። እነሱ ሁለት ሰዓት ጠብቀውህ አቧራ ለብሰህ ከደረስክ ግን ቀኑ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ግቢ ይቆማል። ቁልፉን ለባለቤቴ ነው የምሰጣት፤ እሑድ ካልሆነ አትመልስልኝም፣ እኔም አልጠይቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አማቾችህ እንደኔ ከደባርቅ በፊት ባለችው ዳባት ከሆኑ ሰዓትህን በዚያው ልክ አስላ። ሞተር አቁመህ ሰላም ብለህ ብቻ ማለፍ የሚባል ነገር የለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ሚኒባሱ ጥሎህ ያልፋል።

ስለ መንገዱ። ወለቃን እንዳለፍክ ዳገቱ ይጀምራል። ኮሶዬ አካባቢ ጠዋት ጠዋት ጉም ይወርዳል፤ ባውዛህን አብርተህ፣ ጠርዙን ሳትይዝ ቀስ ብለህ ውጣ። ጉሙ ከተገለጠ ቁም፤ ከገደሉ በታች ቆላው ተዘርግቶ ይታይሃል፣ ለዚያ አሥር ደቂቃ አይሰሰትም። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሜዳ ነው ብለህ እንዳትፈጥን። ነፋሱ ከጎን ነው የሚመጣው፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ ስትወጣ ድንገት ይገፋሃል። በገበያ ቀን አህያና በግ መንገዱን ይሞላዋል። ጥጃ ከተሻገረ እናቲቱ ትከተላለች፣ ስለዚህ የመጀመሪያው አለፈ ብለህ ነዳጅ አትስጥ። ውሻ ሲያባርርህም በእግርህ ለመምታት አትሞክር፤ ትንሽ ቀዝቅዘህ ሲጠጋህ ፍጥነት ጨምር፣ ሒሳቡ ይበላሽበታል።

ብርዱን ብዙ ሰው ይንቀዋል። 10 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ገላህ የሚሰማው ወደ 5 ዲግሪ ነው። የደነዘዘ ጣት ፍሪሲዮንም (ማርሽ ሲቀየር የሚጨበጠውን) ፍሬንም በልኩ አይዝም። ጥሩ ጓንቲ ግዛ፣ ከጃኬቱ ሥር ደረትህ ላይ ጋዜጣ አድርግ፤ የድሮ ሰዎች ዘዴ ነው፣ ይሠራል።

ሞተርህ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ከሆነ ከፍታው ይሰማዋል። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ናት፣ ደባርቅ 2,850 አካባቢ። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ የሚሰጠው ቤንዚን ግን ያው ነው፤ ስለዚህ ይበዛበታል፣ ይታፈናል፣ ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው) ይጠቁራል። ዳገት ላይ ጉልበት ሲያንሰው አታስጨንቀው፣ አንድ ማርሽ ቀንስና ዙሩን ጠብቅለት። ከመነሳትህ በፊት የአየር ማጣሪያውን አጽዳ፣ የቆሸሸ ማጣሪያ ችግሩን እጥፍ ያደርገዋል። ቤንዚን ዓርብ ሙላ፣ ሰልፉም ቢሆን ከቅዳሜ ዓርብ ይሻላል። መንገድ ላይ በሃይላንድ የሚሸጠው ላምባ ተቀላቅሎበት ሊሆን ስለሚችል የቸገረው ካልሆነ አይነካውም።

ከደባርቅ በላይ ያለውን ደግሞ እኔ በሞተር አልሄድም፤ ብዙ የሞተረኞች ግሩፓችን አባላት እንደማይስማሙ አውቃለሁ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፣ ጸጥታው ነው ሀብቱ፤ ሞተር እያንቧረቁ ጭላዳ ዝንጀሮ ማየት አይቻልም። መንገዱም ከአስፋልት ወጥቶ ጠጠር ይሆናል። ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ክፍያህን ፈጽም፣ ስካውት (አጃቢ ጠባቂ) ይመደብልሃል፣ መኪና ተከራይና ከልጆችህ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥ። ፓርኩ ውስጥ እስካለው የሳንቃበር ካምፕ ቢሆን ይበቃል። ጭላዳዎቹ በመቶ ሆነው ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ታገኛቸዋለህ፤ ሣር እየጋጠ የሚኖር ሌላ ዝንጀሮ በዓለም የለም፣ ከኢትዮጵያ ውጭም አይገኙም። ትልቁ ወንድ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ሲያሳያቸው ልጆቼ የሚሉትን ብነግርህ አታምነኝም። ምግብ ግን እንዳይወረውሩላቸው። ከሳንቃበር አልፋችሁ ጨነቅ ድረስ ዋልያ ፍለጋ መሄድ ካማራችሁ ከ3,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንንሾቹን ራስ ምታት ሊይዛቸው ይችላል፤ ደባርቅ አድረው እሑድ ቢወጡ ይሻላል። እኛ ግን እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለምንስም ሳንቃበርን ቅዳሜ ከሰዓት እናደርገዋለን።

ሊማሊሞን ለሌላ ቀን፣ ለብቻህ ወይም ከሞተረኛ ጓደኛ ጋር። ጣሊያን ገደሉን ፈልፍሎ የሠራው መንገድ ነው፣ ጠመዝማዛው አያልቅም፣ ከላይ የሚወርደው የጭነት መኪና ፍሬኑ ግሎ ይሸታል። በማርሽ ነው የሚወረደው፤ ፍሬን ላይ እንቅልፍ እንደያዘው እግርህን ጭነህ አይደለም። ወርደህ መውጣትም አለ፣ ቀኑን ሙሉ ይበላል፤ ቤተሰብ ደባርቅ እየጠበቀህ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ሐምሌና ነሐሴ ተወው፣ ዝናቡም ጉሙም አያስነዳም። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ምርጡ ጊዜ ነው። በየትኛውም ወር ቢሆን ዓርብ ማታ መናኸሪያ ሄደህ ከደባርቅ የገቡትን ሾፌሮች ስለ መንገዱና ስለ ሰላሙ ጠይቅ፤ እነሱ «ተው» ካሉ ተው። እሑድ ስትመለስም 10 ሰዓት ሳይሞላ ጎንደር ግባ፣ ማታ መብራት የሌለው ጋሪና ከብት መንገድ ላይ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ደባርቅን አቆየውና ኮሶዬን ሞክሩ፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ልጆቹ ሳይሰለቹ ይደርሳሉ፣ ምሳ ቋጥራችሁ ውላችሁ ትመለሳላችሁ። የሞተርህን ዓይነትና ካርቡራቶር ይሁን ኢንጀክሽን ጻፍልኝ፣ ስለ ማስተካከሉ ለብቻው እመልስልሃለሁ።