እናትሽን ያስታመምሽበትን ጊዜ ሲቪሽ ላይ ጻፊው

እህቴ፣ እናትሽን ለማስታመም ከሒሳብ ሥራሽ ለቀሽ ሦስት ዓመት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ቤት እንደዋልሽ ጽፈሻል። አሁን ሥራ ልፈልግ ነው፣ ሲቪዬ ላይ ልጥቀሰው ወይስ ልዝለለው ብለሻል። እኔ ጥቀሺው ነው የምልሽ።

እኔም አባቴን ሁለት ዓመት አስታምሜያለሁ። ስመለስ ሲቪዬ ላይ ምንም አልጻፍኩም ነበር። እዚያው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ቢሮ ለኢንተርቪው ስገባ ሰውየው ሁለቱ ዓመተ ምሕረቶች መሃል ጣቱን አሳረፈና «እዚህ ጋ የት ነበርሽ?» አለኝ። ደነገጥኩ፣ ተንተባተብኩ። የተባረርኩ ሳይመስለው አልቀረም። ለሚቀጥለው ቦታ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «የታመመ የቤተሰብ አባል ማስታመም»፣ ከነዓመቱ። ማንም አልተገረመም። እኛ አገር አስታማሚ ያልነበረበት ቤት የቱ ነው?

ሕጉም ቢሆን ለአስታማሚ ረጅም ፈቃድ አይሰጥም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለከባድ ችግር የሚፈቅደው ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ነው፣ ያውም በዓመት ሁለቴ ብቻ። መልቀቅሽ አያሳፍርም።

የእናትሽን ሕመም ግን አትዘርዝሪ፣ የእሷ ገመና ነው። የመድኃኒቱን ሰዓትና ወጪ በደብተር ትይዢ ከነበር ሲጠይቁሽ እሱን ንገሪያቸው፣ ከሒሳብ ሥራሽ ጋር ይሄዳል።

ዋናው «አሁን ማን ያያታል?» የሚለው ነው። አፍ አውጥተው ባይጠይቁሽም በሆዳቸው ያስቡታል። ቀድመሽ «እህቴ አብራት ናት፣ ሙሉ ቀን መሥራት እችላለሁ» በያቸው። እውነት ከሆነ ነው ታዲያ። ካልሆነ ማመልከቻ ከማስገባትሽ በፊት እሱን ጨርሺ።

እማማን ፈጣሪ ይማርልሽ።