ሰኔ ላይ የተደወለ ስልክ

ሰሞኑን ኢንሹራንስ ቤት የተቀጠሩ ሁለት ልጆች ቤቴ መጥተው ነበር። «ጋሼ፣ የዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ ምንድን ነው?» አሉኝ። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ እንድጠራላቸው ጠብቀዋል መሰለኝ። እኔ ግን ትልቁን አደጋ ያየሁት እዚሁ ጎንደር፣ ቢሮዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ለእናንተም ልንገራችሁ።

የሂሳብ መዝጊያ ሰሞን ነበር። ሊማሊሞ ላይ የተገለበጠ የአንድ አይሱዙ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ሰርቬየሩ ጉዳቱን 400 ሺህ ብር ገምቶታል። ከዋናው መሥሪያ ቤት አለቃዬ ደወሉ። «ለጊዜው 150 ሺህ አድርገው፣ ሐምሌ ላይ ታስተካክለዋለህ።» እሺ አልኩ። በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰርዤ ፈረምኩ። እንዲህ የተደረገው የእኔ ፋይል ብቻ አልነበረም። ለካሳ የሚያዘው መጠባበቂያ ሲያንስ ትርፉ አበጠ፣ ባለአክሲዮኖቹም ደስ ብሏቸው ተካፈሉ። ባለመኪናው ካሳውን ሲጠብቅ ክረምቱ አለፈ። የኩባንያውን ስም ተዉት፤ ፊርማው የእኔ ነው።

እስካሁን የሚከነክነኝ ከቦርዱ አንድ ሰው እንኳ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» አለማለቱ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ኤችአይኤች የሚባል ትልቅ ኢንሹራንስ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደቀ። ጉድለቱ እስከ 5.3 ቢሊዮን የአገሩ ዶላር ተገምቷል። ሲመረመር መጠባበቂያው ለሚመጣው ካሳ አይበቃም፣ ቦርዱም ሥራ አስኪያጆቹን አጥብቆ አይጠይቅም ነበር። ይህን ሳነብ ያ እስክሪብቶ ትዝ አለኝ።

አሁን ደግሞ ብሔራዊ ባንክ መመሪያ ካወጣለት ወዲህ ታካፉል የሚባለው ኢስላማዊ ኢንሹራንስ መጥቷል፤ አንዳንዶቻችሁ እዚያ ትገቡ ይሆናል። እድር ላደገበት ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። አባላቱ በልግስና ያዋጣሉ፣ የተጎዳው ከማኅበሩ ገንዘብ ይካሳል። ኩባንያው ገንዘቡን ያስተዳድራል እንጂ ባለቤቱ አይደለም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በሰፈራችን እድር አንዲት እናት «ለድንኳን ማሰፊያ 900 ብር የወጣው ለየትኛው ቀዳዳ ነው?» ብለው ገንዘብ ያዡን ላብ በላብ አድርገውታል። ታካፉል ውስጥ እንደ እሳቸው የሚጠይቅ ማን ነው? ቦርዱን የሚመርጡት የኩባንያው ባለአክሲዮኖች ናቸው። ወካላ በሚባለው፣ ኩባንያው የአባላቱ ወኪል ሆኖ በሚሠራበት አሠራር ደግሞ ኩባንያው የአገልግሎት ክፍያውን ከመዋጮው ላይ አስቀድሞ ይወስዳል። ስለዚህ ብልሹ መኪና ሁሉ ቢያስገባም የእሱ ገቢ ያድጋል፤ ኪሳራው የሚወድቀው በአባላቱ ገንዘብ ላይ ነው። ገንዘቡ ሲጎድል ኩባንያው ያለወለድ ያበድራል፣ ቀርድ ሐሰን ይሉታል። ግን ብድር ነው፤ ከአባላቱ ገንዘብ የነገ ትርፍ ላይ ይመለሳል። በተለመደው ኢንሹራንስ ኪሳራው መጀመሪያ የባለአክሲዮኑን ካፒታል ስለሚበላ ቢያንስ እሱ የሚፈራው ነገር አለው።

«የሸሪዓ ቦርድ አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ሥራውም ከባድ ነው። ውሉና ኢንቨስትመንቱ ከወለድና ከቁማር የራቀ መሆኑን ይመረምራል። መጠባበቂያው መብቃቱን የሚያሰላው ግን የኢንሹራንስ ስጋት ሂሳብ ባለሙያው፣ አክቹዋሪው ነው። ውሉ ሐላል ሆኖ ካዝናው ባዶ ሊሆን ይችላል።

ስትቀጠሩ ከደመወዙ ቀጥሎ ይህን አጣሩ፦ የውስጥ ኦዲተሩ ሪፖርት የሚያደርገው ለቦርዱ ነው ወይስ ለሥራ አስፈፃሚው? የሥራ አስፈፃሚው ጉርሻ ከደንበኞች በሰበሰበው አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ብዛት ብቻ ከሆነ ጠንቀቅ በሉ። ታካፉሉ በአንድ ተራ ኢንሹራንስ ሥር የተከፈተ መስኮት ከሆነም ሂሳቡ በእርግጥ መለየቱን እዩ።

ከልጆቹ አንደኛው «እሺ፣ እንደ እርስዎ ቢደወልልኝስ? እምቢ ብል ያባርሩኛል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሊያባርሩት ይችላሉ። «ትዕዛዙን በደብዳቤ ይላኩልኝ በል» አልኩት። እኔ ያኔ እንዲህ ብል ኖሮ አለቃዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ የሚዘጉብኝ ይመስለኛል፤ ደብዳቤው ግን የሚመጣ አይመስለኝም።