በፈረንሳይ ገጠር በብስክሌት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የምኖረው ሊዮን ነው። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር ሁለት የጎን ቦርሳ ብስክሌቴ ላይ አስሬ ወደ ገጠር እወጣለሁ። ባለፈው ሳምንት «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄዎቹን በደረሱኝ ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ እኔና ባለቤቴ ብስክሌት እንወዳለን፤ ነገር ግን በብስክሌት ከከተማ ወጥተን አናውቅም። እህታችን፣ የመጀመሪያው ጉዞ ከየት ይጀመር?

መልስ፦ ከሎዋር ወንዝ። «ሎዋር በብስክሌት» የሚባለው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከኔቨር ከተማ አጠገብ ተነስቶ ወንዙ አትላንቲክ ውቅያኖስ እስከሚገባበት ድረስ ይዘልቃል። ሁሉንም መጨረስ የለባችሁም። ከብሎዋ እስከ ሶሚዩር ያለውን ብቻ ያዙ፤ ለአንድ ሳምንት ይበቃል፣ ይተርፋልም። ከሞላ ጎደል ሜዳ ነው፤ ምልክቱም በየመገንጠያው ስለተተከለ ካርታ ሳታወጡ ብዙ ትሄዳላችሁ።

ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ በ1519 ያስጀመሩት የሻምቦር ቤተ መንግሥት መካከሉ ላይ ሁለት ደረጃዎች እንደ ገመድ ተጠማዝዘው ይወጣሉ፤ በአንዱ የሚወጣና በሌላው የሚወርድ ሰው ይተያያሉ እንጂ አይገናኙም። በዚያው ዓመት ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ አምቧዝ ከተማ፣ ክሎ ሉሴ በሚባለው ቤት ዐረፈ። ቱርን አልፋችሁ ስትወርዱ ደግሞ ካንድ-ሳን-ማርታን ትደርሳላችሁ፤ እኔ ከመንደር ሁሉ የምወዳት እሷን ነው። ወታደር ሳለ ካባውን በሰይፍ ለሁለት ቀዶ ለለማኝ ያካፈለው የቱሩ ጳጳስ ቅዱስ ማርቲን በ397 ያረፈው እዚህ ነው። ቪየን ወንዝ ከሎዋር ጋር የሚቀላቀለውም እዚሁ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለውን አቀበት በእግር ውጡና ሁለቱ ወንዞች ሲገናኙ ተመልከቱ። እኔ ለአንድ ሰዓት ብዬ ወጥቼ ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀምጬ አውቃለሁ።

ከዚያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ የፎንትቭሮ ገዳም አለ። የእንግሊዝ ነገሥታት እነ ሪቻርድ አንበሳ-ልብ በድንጋይ ተቀርጸው ተኝተዋል፤ እናቱ ኤሌኖር መጽሐፍ ገልጣ እንደያዘች ናት። ይህ ገዳም እስከ 1963 ድረስ እስር ቤት ነበር። ያንን እያሰቡ በግቢው መዘዋወር ሌላ ስሜት አለው።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ላቅድ? ጓደኞቼ ከመቶ በታች አይዋጥላቸውም።

መልስ፦ አርባ። ጠንከር ካላችሁ ሃምሳ። እኔም የመጀመሪያ ዓመት በቀን ዘጠና እያልኩ ወጥቼ ነበር፤ ስመለስ የማስታውሰው የአስፋልቱን ቀለም ብቻ ነበር። አርባ ኪሎ ሜትር የሦስት ሰዓት ጉዞ ነው፤ ቀሪው ቀን የመንደሮቹ ነው። ጓደኞችህ መቶ ካልሄድን ካሉ ማታ መድረሻው ላይ ተገናኙ፤ አንተ ግን ገበያው እስኪበተን፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር እስኪከፈት ጠብቅ።

ጥያቄ (ዋሽንግተን አካባቢ)፦ ልጄ፣ 66 ዓመቴ ነው። ጉልበቴ አቀበት አይወድም። ይህ ነገር ለእኔ ይሆናል?

መልስ፦ አባቴ፣ በሚገባ ይሆንልዎታል። እርስዎን የምልክዎ ወደ ቡርጎኝ ነው። ከጂቭሪ እስከ ክሉኒ 44 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ መኪና የማይገባበት መንገድ አለ፤ በ1997 የተከፈተው በአሮጌ የባቡር ሐዲድ ላይ ነው። ባቡር ቁልቁለትና አቀበት አይችልም፤ ስለዚህ የባቡር መንገድ የነበረ ሁሉ ለጉልበት ይራራል። በግራና በቀኝ የወይን ተክል ነው፣ ጣቢያዎቹም እስካሁን ቆመዋል። ክሉኒ ሲደርሱ በ910 የተመሠረተውን ገዳም ያገኛሉ። ቤተ ክርስቲያኑ የሮማው ቅዱስ ጴጥሮስ እንደገና እስኪሠራ ድረስ በምዕራቡ ክርስቲያን ዓለም በትልቅነት የሚተካከለው አልነበረም። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ለነጋዴ ተሸጠና ድንጋዩ እየተነቀለ ሄደ፤ ዛሬ የቀረው ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ነው። የጎደለውን በዓይነ ሕሊና መሙላት የጎብኚው ሥራ ነው፤ እኔ ከሙሉ ቤተ መንግሥት ይልቅ ይህ ፍርስራሽ ይበልጥ ይነካኛል።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት መከራየትም ነውር የለበትም። ፔዳል ሲመቱ ብቻ ነው የሚያግዝዎ፤ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርሱም እገዛው ይቆማል።

ጥያቄ (ከሮም)፦ ፍልሰታ የሚውለው ብስክሌት በሚነዳበት ወቅት ነው። ቅቤና አይብ በሞላበት አገር እንዴት ይጾማል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ እኔም የምጾመው መንገድ ላይ ነው። መጀመሪያ ስለ ዳቦ። በ1993 በወጣው ድንጋጌ መሠረት «ትራዲሲዮን» የሚባለው ባጌት ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ ነው የሚጋገረው፤ ቅቤም ወተትም አይገባበትም። ክሩዋሳንና ብሪዮሽ ግን ቅቤ ናቸው፣ እለፏቸው። የገበያ ቀን ያለባትን ከተማ እየጠየቃችሁ ሂዱ፤ ቲማቲም፣ ወይራ፣ ኮክና የተቀቀለ ቀይ ሥር በነሐሴ ሞልቷል። ደቡብ ብትሆኑ ራታቱይ የሚባል በወይራ ዘይት የተሠራ የአትክልት ወጥ አለ። ከተፈጨ ወይራ የሚሠራው ታፔናድ ግን ብዙ ጊዜ አንቾቪ የሚባል ትንሽ ዓሣ ይገባበታል፤ ጠይቁ። በሰሜን ደግሞ የድንች ጥብሱ በከብት ሞራ ሊሆን ይችላል።

ምግብ ቤት ገብታችሁ «ቬጌታሪያን ነኝ» ካላችሁ እንቁላልና አይብ ይቀርብላችኋል። «ቬጋን» በሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ሰዓቱ ነው። በገጠር ምሳ ከ12 እስከ 2 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ6 እስከ 8 መሆኑ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጾሙን ሊፈታ ሲደርስ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል። ስለዚህ ዳቦና ፍሬውን ጠዋት ግዙ፣ የቀኑንም መንገድ ወደ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አውርዱ። በሐሩር ውሃ ሳይጠጡ ብስክሌት መንዳት አደገኛ ስለሆነ በዚህ ላይ ከንስሐ አባታችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ያደግሁት በራምቦ ስም ከሚጠራው ቤት አጠገብ ነው። ባለቅኔው የተወለደበት አገር በብስክሌት ይደረሳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ደስ አለኝ። አርቱር ራምቦ በ1854 የተወለደው በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በመዝ ወንዝ ዳር ባለችው ሻርልቪል ነው። የከተማዋ ዋና አደባባይ፣ ፕላስ ዱካል፣ የተሠራው በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው፤ በአራቱም ማዕዘን ቀይ ጡብና ቢጫ ድንጋይ ያላቸው አንድ ዓይነት ቤቶች ከበውታል። ሙዚየሙ በወንዙ ላይ በቆመ አሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው።

ከዚያ ብስክሌትህን ይዘህ በመዝ ዳር ወደ ሰሜን ውረድ። ጥርጊያው የቤልጅየም ጠረፍ አጠገብ እስካለችው ጂቬ ድረስ ይወስድሃል፤ በዝግታ ሦስት ቀን ነው። ወንዙ በጨለማ ጫካ መካከል እየተጠማዘዘ ይሄዳል፣ ሞንተርሜ ጋ ከተማዋን ሊከባት ትንሽ ይቀረዋል። ፉሜ የጣሪያ ጥቁር ድንጋይ ሲቆፈርባት የኖረች ከተማ ናት። ይህን እርጥብና ደመናማ ሸለቆ ስታይ፣ አንድ ወጣት ከዚህ ወጥቶ በ1880 ሐረር መድረሱ፣ በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ይዞ ሸዋ መግባቱ ይበልጥ ይገርምሃል። በ1891 በሕመም ከሐረር በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወረደ፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ እዚያው ሞተ። የተቀበረው ሻርልቪል ነው። ከሐረር የመጣ ሰው መቃብሩ ጋ ቢቆም ትርጉሙ ለብቻው ነው።

ጥያቄ (ከፓሪስ)፦ ብቻዬን ነኝ፣ ጥቁር ሴትም ነኝ። የገጠሩ ሰው እንዴት ያየኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ያዩሻል። የሚያፈጥ አለ፣ «ከየት ነሽ?» የሚል አለ። ሁለት ጊዜ ፊት ተነስቼ ካፌ ለቅቄ ወጥቻለሁ፤ ይህንን አልደብቅሽም። ከዚህ እጅግ የሚበዛው ግን ደግነት ነው፣ ቁልፉም «ቦንዡር» ማለት ነው። ዳቦ ቤት ስትገቢ፣ በር ላይ የተቀመጡ እናት ስታልፊ፣ ከሌላ ብስክሌተኛ ጋር ስትገናኚ በይ። ሰላምታ ሳይቀድም ጥያቄ መጠየቅ በፈረንሳይ ገጠር እንደ ብልግና ነው የሚታየው፤ ለእኛ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም።

ለማደሪያ «ሻምብር ዶት» ያዢ። ሰው በራሱ ቤት የሚያከራያቸው ክፍሎች ናቸው፤ በሕጉ ከአምስት ክፍል መብለጥ አይችሉም፣ ቁርስም ከዋጋው ጋር ነው። ባለቤቷ ደርሰሽ እንደሆነ ታውቃለች፣ ከዘገየሽ ትደውላለች። «አኬይ ቬሎ» የሚል ምልክት ያለበት ቤት ደግሞ ብስክሌትሽን የሚቆለፍ ቦታ ያስገባልሻል። በዚህ ሁሉ ዓመት መንገድ ላይ በሌሊት አልነዳሁም፤ አንቺም አትንጂ።

ጥያቄ (ከቴል አቪቭ)፦ ስለ ሚዲ ቦይ ብዙ ሰምቻለሁ። እንደሚባለው ነው?

መልስ፦ ከፊሉ። ፒየር-ፖል ሪኬ ከ1666 ጀምሮ ያስቆፈረው ቦይ ከቱሉዝ እስከ ሜዲትራኒያን ዳር 240 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሱ ራሱ ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በ1680 ሞተ። ከቱሉዝ ሲነሱ መንገዱ ንጹሕ አስፋልት ነው። ወደ ካርካሶን ስትቀርቡ ግን አፈርና የዛፍ ሥር ይሆናል፤ ቀጭን ጎማ ይዛችሁ አትምጡ። በቦዩ ዳር ጥላ የነበሩትን የፕላታን ዛፎች ከ2006 ጀምሮ የታወቀ የፈንገስ በሽታ እየጨረሳቸው ነው፤ ብዙ ሺህ ተቆርጠዋል። ፀሐዩ የሚበረታባቸው ራቁት ቦታዎች ስላሉ በማለዳ ተነሱ። ምትክ ችግኞች ተተክለዋል፤ ጥላ እስኪሆኑ ግን ዕድሜ ይጠይቃል።

ጥያቄ (ከብራስልስ)፦ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይዤ እመጣለሁ። ሕጉ ምን ይላል? ብስክሌቱስ ባቡር ላይ ይጫናል?

መልስ፦ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ የራስ መከላከያ ቆብ ግዴታ ነው፤ እርስዎም ያድርጉ። የጆሮ ማዳመጫ ለሁሉም የተከለከለ ነው። የክልል ባቡሮች ብስክሌትን በአብዛኛው በነጻ ይጭናሉ፣ በክረምታችን ወራት ግን በአንዳንድ ክልል ቦታ ማስያዝ ያስፈልጋል። ፈጣኑ ቴዤቬ ላይ አስቀድሞ ማስያዝና መክፈል ግድ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ቪዛው ከተሳካ ምን ልያዝ?

መልስ፦ ጥቂት። መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያ፣ የጎማ ማውጫ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሁለት ጠርሙስ ውሃ። ውሃው ሲያልቅ የመንደሩን መቃብር ፈልግ፤ አበባ የሚጠጣበት ቧንቧ በር አጠገብ አለ፣ «የማይጠጣ» የሚል ጽሑፍ ከሌለበት ቅዳ። እሑድ ከሰዓትና ሰኞ ሱቅ ይዘጋልና ቅዳሜ ስንቅህን ሙላ፤ እኔ አንድ ሰኞ በሦስት መንደር ሦስት የተዘጋ ዳቦ ቤት አግኝቼ ማታ በለውዝ አድሬያለሁ። ነጠላም ያዝ። የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ውስጡ በነሐሴም ይበርዳል።