ሐረጎ ላይ ለሚፈላው ሃርድቶፕ፦ ቴስታታውን ከማስከፈትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ታሪክ ሰው የጻፈብኝ ነው የመሰለኝ። «የ1994 ሞዴል ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ገዛሁ፤ ሜዳ ላይ ሰላም ነው፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ስወጣ ግን ሐረጎ አቀበት ላይ ሙቀቱ ቀዩ ጋ ይደርሳል፣ ውሃም ይተፋል። የፊት ማርሽ (አራቱም ጎማ እንዲነዳ) አስገብቼም ሞከርኩ። መካኒኩ ጓርኒሲዮን ነው፣ ቴስታታው ይከፈት አለኝ። ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልሠራው እችላለሁ ወይ?» ነው ያልከው። (ለማያውቅ፦ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ በእሱና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ።) ከላይ የመለሱልህ ግማሾቹ «ሸጠህ ተገላገል» ብለውሃል። ተዋቸው፣ ሃርድቶፕ ነድተው አያውቁም። አብሽር። የእኔም ያው መኪና፣ ያው 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ነው። ዛሬ በጠራራ ፀሐይ አምስት ሰው ጭኖ ሐረጎን ሲወጣ የሙቀት ጌጁ ከመሐል ንቅንቅ አይልም። እዚህ ለመድረስ ግን 41 ሺህ ብር በትኛለሁ፤ አንተ እንዳትበትን ነው የምጽፍልህ።

1ኛ፦ ከሁሉ በፊት የራዲያተሩን ክዳን እይ። ማለዳ፣ ሞተሩ በርዶ። ትኩስ ሳለ እንዳትነካው። እኔ ሐረጎ ወገብ ላይ ቆሜ በጨርቅ ይዤ ልክፈተው ብዬ የግራ ክንዴ እስከ ክርኔ ተልጧል፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ ፀሐይ ሲመታው ያሳክከኛል። ክዳኑን ገልብጥና የውስጥ ጎማውን በጥፍርህ ጫን ጫን አድርገው። ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም የራዲያተሩ አፍ ቀለበት ሠርቶ ከታተመበት አልቆለታል። መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭም ሳብ ስታደርጋት ወጥታ ቀጥ ብላ መመለስ አለባት። ሌላ ምልክት ልንገርህ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው ወደ ፕላስቲኩ መጠባበቂያ ይሄዳል፣ ሲበርድ ደግሞ ተመልሶ መሳብ አለበት። ጠዋት ፕላስቲኩ ሞልቶ ራዲያተሩ ጎድሎ ካገኘኸው ክዳኑ አይስብም ማለት ነው። የእኔ ለወራት እንዲህ ሲሆን እኔ ሆዬ በየጠዋቱ በጆግ እየሞላሁ «መኪናዬ ውሃ ይበላል» እያልኩ ለሰው አወራ ነበር።

2ኛ፦ ቴርሞስታት፣ ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃው በራዲያተር እንዲያልፍ የሚያደርገው በር። እዚህ ላይ ነው ጉዴ የሚጀምረው።

ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት ከባለቤቴ የሽሮ ድስት ለምኜ ቴርሞስታቱን በሽቦ አንጠልጥዬ ጣድኩት። ኮሌጅ ላብራቶሪ የሚሠራ ጎረቤቴ ቴርሞሜትር አዋሰኝ። ቴርሞስታቱ ላይ 82 የሚል ታትሟል፤ እውነትም 82 ገደማ ሲደርስ መላቀቅ ጀመረ። ከዚያ ውሃው ተንተከተከ። ቴርሞሜትሩ 92 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቀጥ አለ፤ ቴርሞስታቱም ግማሽ ያህል ተከፍቶ ቆመ። ከሰል ጨመርኩ፣ አራገብኩ፣ ወይ ፍንክች! መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ቴርሞስታቱን። «ሙሉ አይከፈትም፣ ሞቷል» ብዬ ከቆሻሻው ጋር ሰደድኩት።

ጤነኛ ነበር እኮ። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው 92 አካባቢ ነው። 82 ላይ መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት ደግሞ ወለል ብሎ የሚከፈተው 95 ላይ ነው። ከድስት ውስጥ 95 ከየት ይመጣል? ኮምቦልቻ ወርደህ ብትቀቅለው እንኳ 94 ቢሞላልህ ነው። ስለዚህ አንተ ስትሞክር መከፈት የሚጀምርበትንና ሲበርድ መዘጋቱን ብቻ እይ፤ «ሙሉ አልተከፈተም» ብለህ እንዳትጥለው። እኔ ደህናውን ጥዬ አዲስ ገዛሁ፤ ካርቶኑ ኦሪጂናል፣ ውስጡ ምናምን። ልመልስ ስሄድ ባለሱቁ ከጀርባው የለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በአገጩ አሳየኝ። አፉን እንኳ አልከፈተም።

ከዚያ ጋራዥ ገባሁ። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም፤ የደሴ ሰው ስለሆንን ነገ ቡና ላይ እንገናኛለን። መካኒኩ አዲሱን ቴርሞስታት ነቅሎ ጣለና «ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ ነው፣ ለኛ አያስፈልግም» አለኝ። እንዲህ የሚልህ ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ። ቴርሞስታትህን ገልብጠህ እየው፤ ከሥሩ በሞላ የተያዘች ትንሽ ሳህን ካለችው፣ ሞተሩ ሲሞቅ አቋራጩን መንገድ የምትዘጋው እሷ ናት። ነቅለህ ከጣልካት ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይረግጥ ዞሮ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። የእኔ ሳህን ነበረው። በማግስቱ ድሮ ሐረጎ ላይ የሚፈላው መኪና ሐረጎን ሳይጀምር ፈላ። «አየህ? ጓርኒሲዮን ነው!» አለኝ መካኒኩ፤ የቀናው ነው የሚመስለው።

ተከፈተ። ቴስታታው በማሽን ተላገ፣ ጓርኒሲዮን ተቀየረ፣ የእጅ ዋጋ፣ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ድምር 41 ሺህ። ብሎኖቹን ሲያጠብቅ አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ቀጥሎ በክንዱ ግምት ነው የቀረቀረው። «ጥብቀቱን የሚለካ የቶርክ ቁልፍ የለም እንዴ?» ብለው «ሃያ ዓመት እጄ ነው የለካው» አለኝ። ወጣን፣ ኮምቦልቻ ወርደን ተመለስን፣ ሐረጎ ላይ ፈላ። አሁን ደግሞ «ሞተሩ አልቋል፣ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ይምጣ» አለኝ። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ስላለ ምን እንደሚጠይቅ ላጣራ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል «ፋይል ቁጥር?» አለኝ። ገና ልጠይቅ ነው የመጣሁት ስለው «ታዲያ ሳታውቅ ምን አስመጣህ?» አይለኝም! ለማወቅ ነዋ! ሦስት ቀን ተመላለስኩ። እውነቱን ለመናገር ያ ልጅ ባለውለታዬ ነው፤ ቶሎ ቢያስተናግደኝ ኖሮ ሞተሩንም ቀይሬ ነበር።

መኪናው ግቢ ቆሞ ሳለ ጎረቤታችን ጋሼ መጡ። ጡረታ የወጡ የአሰብ መስመር ሹፌር ናቸው፤ በባቲ፣ በሚሌ አድርገው ተሳቢ ሲጎትቱ ያረጁ። ኮፈኑን እንኳ በደንብ ሳይከፍቱት «ክዳኑን አምጣው» አሉኝ። ገልብጠው አዩት፣ በአውራ ጣታቸው ጎማውን ሲነኩት እንደ ደረቀ እንጀራ ተፈረፈረ። «ልጄ፣ ያለ ክዳን ነው እንዴ ተራራ የምትወጣው?» አሉ።

ያኔ ድስቱ ትዝ አለኝ። የራዲያተሩ ክዳን ላዩ ላይ 0.9 የሚል አለው፤ ውሃውን በዚያ ግፊት አፍኖ ይይዘዋል። ሲይዝ እዚህ ደሴም ሆነህ ውሃው 110ን ሳያልፍ አይፈላም። ካልያዘ ግን ራዲያተርህ የባለቤቴ የሽሮ ድስት ነው፤ 92 ላይ ይንተከተካል። ለዚህ ነው ሜዳው ላይ ሰላም የሆነው። ከኮምቦልቻ ደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣለህ፤ ሞተሩ ይበልጥ ይሠራል፣ የውሃው መፍያ ደግሞ እየወረደ ይመጣል። ድስቱ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ግን ቴርሞስታቱን ሰደብኩ። አዲስ ክዳን 900 ብር፣ ትክክለኛ ቴርሞስታት ተመልሶ ገባ። መትፋቱ ያን ቀን ቆመ።

3ኛ ላይ ነን መሰለኝ። ፋን፣ በራዲያተሩ ነፋስ የሚስበው። ክዳኑ ከተቀየረ በኋላም ጌጁ ትንሽ ከፍ ይል ነበር። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ጠፍቶ ሳለ ፋኑን በእጅህ አዙረው፤ ለቀቅ ስታደርገው ብዙ ዙር በነፃ ከዞረ የፋኑ ክላች ውስጥ ያለው ሲሊኮን ዘይት አልቋል፣ ተራራ ላይ ነፋስ አይስብልህም። ፋኑን የሚያዞሩት ቺንጋዎች (የጎማ ቀበቶዎች) ጥንድ ናቸው፣ ከቀየርክ ሁለቱንም። ራዲያተሩን በባትሪ ብርሃን ከኋላ አብራበት፤ የእኔ በመኸር ወረኢሉ መንገድ አውድማ ለአውድማ ስዞር የጠጣው ጭድ እንደ ፍራሽ ሞልቶት ነበር። እጠበው፣ ግን ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ፣ በአትክልት ጎማ። ላቫጆ ወስጄው ልጁ በሙሉ ግፊት ሲለቅበት የራዲያተሩ ስስ ቅጠሎች እንደ ስንዴ ተኙ፤ አንድ ቅዳሜ ሙሉ በቢላ ጫፍ ሳቃናቸው ዋልኩ።

ጓርኒሲዮን በእውነት የሄደ ከሆነ ደግሞ መኪናው ራሱ ይነግርሃል። በርዶ ሳለ ክዳኑን ከፍተህ አስነሳ፤ አፉ ላይ አረፋ ሳያቋርጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ፣ ወይም ዘግተኸው ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ በደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ወይም የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ ነገር ካየህ ይከፈት። ያንን ግን ግቢህ ውስጥ አትሞክረው፣ የቶርክ ቁልፍ ያለው ሰው ፈልግ።

የፊት ማርሹን ነገር ደግሞ ተው! ይሄ መኪና መሐል ዲፈረንሻል፣ ማለትም የፊቱና የኋላው ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞር የሚፈቅድ ዕቃ፣ የለውም። ጥምዝ ላይ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል አይሄዱም፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ስታስገባው እርስ በርስ ይጓተታሉ፣ ሙቀቱንም አያወርድልህም። ለጭቃ አስቀምጠው። ሐረጎን በሦስተኛ እያቃሰተ ከሚወጣ ሁለተኛ አድርገው፤ ዙሩ ከፍ ሲል ፓምፑም ፋኑም ይፈጥናሉ። ጌጁ መውጣት ከጀመረ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈተው፣ ላብ በላብ ብትሆንም። ከቆምክም ቀዝቃዛ ውሃ ሞተሩ ላይ እንዳትደፋ፤ ያኔ ነው ቴስታታ የሚሰነጠቀው።

ነገ ማለዳ የክዳኑን ጎማ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። አዲስ ልትገዛ ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ ቁጥሩን አመሳክር፣ ብር ከመክፈልህ በፊት ካርቶኑን አስከፍት። ቴርሞሜትሩ እስካሁን እኔ ጋ ነው፣ ባለቤቱም ረስቶታል መሰለኝ፤ ከፈለግክ መጥተህ ውሰደው። ድስት ግን ከቤትህ ይዘህ ና፣ የእኛ ቤቷ በዚህ ጉዳይ ላይ ድርድር የላትም።