ጌጡ ለምን ተለጣፊ መሰለ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ ነኝ። ለክፍል ሥራ ከሦስት ባህሎች የተነሡ ሦስት ፖስተሮች በኤ 3 መጠን እንድንሠራ ታዘዝን። የአገራችንን ጥለት፣ የጋናን የአዲንክራ ምልክቶችና የጃፓንን የማዕበል ጌጥ መረጥኩ፤ ምስሎቹን ከኢንተርኔት አውርጄ ደረደርኳቸው። መምህራችን «ተለጣፊ ይመስላል፤ ሦስቱም አይዛመዱም» አሉኝ። ጥለቱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይጎመዳል፤ ሲታተም ደግሞ ቀለሙ ደበዘዘ። ምን ላድርግ? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ እህታችን፣ መምህርሽ ያዩት እውነት ነው። የእነዚህ ጌጦች መልክ የመጣው ከመሥሪያቸው ነው። ያለቀለትን ምስል ስትለጥፊ የአሠራሩ ሕግ ይቀርብሻል።

ከጥለቱ እንጀምር። ሸማኔ ድሩን እየቆጠረ ባለቀለም ማግ ስለሚያስገባ ሰያፉ መስመር በደረጃ ደረጃ ይወጣል። ለስላሳ አድርገሽ ከሳልሽው ግን ከሽመና ያልወጣ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ በካሬ መረብ ላይ ሥሪው። የኤ 3 ወርድ 297 ሚሊሜትር ነው፤ የካሬው ጎን 2.25 ሚሊሜትር ቢሆን ወርዱ ልክ 132 ካሬ ይይዛል። አንዱን የጥለት ክፍል 22 ካሬ አድርጊው፤ 21ዱ ለአልማዙ ቅርጽ፣ አንዱ ለክፍተቱ። 6 ጊዜ ተደጋግሞ ያለ ትርፍ ይገጥማል። 21 ያልነው ኢተጋማሽ ቁጥር ስለሆነ ነው፤ በተጋማሽ ቁጥር የአልማዙ ጫፍ ሁለት ካሬ ሆኖ ይደነዝዛል። በአራቱም ጎን 3 ሚሊሜትር የሚቆረጥ ትርፍ ተዪ፤ ጥለቱም እዚያ ድረስ ይቀጥል፤ አለዚያ መቁረጫው ትንሽ ሲስት ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ይቀራል። ወደ ከተማ ስትወርጂ ሽሮ ሜዳ ጎራ በይና ሻጩን አስፈቅደሽ የጥለቱን ጀርባ ገልብጠሽ እዪ። የማጉ አካሄድ እዚያ ጎልቶ ይታያል።

ማዕበሉም ከዚሁ ወርድ ይነሣ። የክቡ ስፋት እንደ አንዱ የጥለት ክፍል (22 ካሬ) 49.5 ሚሊሜትር ይሁን፤ በውስጡ እያነሱ የሚሄዱ ሦስት አራት ክቦች አስገቢ። ቀጣዩን ረድፍ በግማሽ ስፋት (24.75) ወደ ጎን፣ በሩብ ስፋት (12.4 ገደማ) ወደ ታች አውርጂ። የታችኛው ረድፍ ሁልጊዜ የላይኛውን ይሸፍን። ከተገላበጠ ማዕበልነቱ ጠፍቶ የዓሣ ቅርፊት ይሆናል። ሦስቱን የሚያዛምዳቸው ይህ የጋራ ልክ ነው።

አዲንክራ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአካን ሕዝብ ጌጥ ነው፤ ከቅል በተቀረጸ ማኅተም፣ ከዛፍ ቅርፊት በተዘጋጀ ቀለም ይታተማል። ጨርቁ በመስመር ወደ ካሬዎች ይከፈልና እያንዳንዱ በአንድ ምልክት ይሞላል። የ49.5 ሚሊሜትሩ ልክ ለካሬው ጎን እዚህም ያገለግላል። ጨርቁ በቀድሞው ልማድ የሐዘን ልብስ ነበር፤ ምልክቶቹም ትርጉም አላቸው። ወደ ኋላ የምትዞረው ወፍ ሳንኮፋ «ተመልሰህ አምጣ» ማለት ናት፤ ስላማረች ብቻ የሸቀጥ ማስታወቂያ ላይ መለጠፍ ተገቢ አይመስለንም። የእጅ ኅትመት ለዛ እንዲኖረው ምልክቱን ድንች ላይ ቅረጪ፤ እርጥበቱን በሶፍት አድርቂ፣ አለዚያ ቀለሙ ይፈስሳል። አምስት ስድስት ጊዜ አትመሽ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርጊና የተለያዩትን አሻራዎች አፈራርቂ።

ፊደሉን አታስጊጪው። ሉ እና ሊ የሚለዩት በቀኝ ባለችው ትንሽ ጭረት ቦታ ነው፤ እሷ በጌጥ ከተዋጠች ቃሉ ሌላ ይሆናል። የመስመር ርቀቱን የፊደሉን መጠን 1.5 እጥፍ አድርጊ።

ቀለሙ የደበዘዘው ፋይሉ በስክሪን ቀለም (አር ጂ ቢ) ስለተሠራ ይመስላል። ደማቅ አረንጓዴና ብርቱካናማ በኅትመት ቀለም አይደረስባቸውም፤ ከመጀመሪያው በሲ ኤም ዋይ ኬ (በአራቱ የኅትመት ቀለሞች) ሥሪ። ጽሑፉ 100 በመቶ ጥቁር ብቻ ይሁን፤ ከአራት ቀለም ከተቀላቀለ የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዛል። ማተሚያ ቤቱ የአማርኛ ፎንትሽ ከሌለው ባዶ ሳጥን ስለሚወጣ፣ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይረሽ በፒዲኤፍ ስጪ። ያልተቀየረውን ፋይል ግን ለብቻው አስቀምጪ፤ መምህርሽ አንድ ቃል እንኳ ቢያርሙ ማስተካከል የምትችዪው በእሱ ብቻ ነው።