ሰዓቱን ሳትገዙ ጠጋኙን ፈልጉ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የመጀመሪያ ውድ ሰዓታቸውን ለመግዛት የቆረጡ፣ ገዝተውም ግራ የገባቸው አንባቢዎች የላኳቸው ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል። ዛሬ የተወሰኑትን እመልሳለሁ። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ብራንድ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ መላልሼ ስለ ጥገና አወራለሁ። እንዲህ ያለ ሰዓት አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚያበቃ ዕቃ ስላልሆነ ነው።

ጥያቄ፦ 5,000 ዶላር አጠራቅሜአለሁ። 30 ዓመቴን ምክንያት አድርጌ ለራሴ አንድ ጥሩ ሰዓት ልግዛ ብያለሁ። ጓደኞቼ «ሮሌክስ ካልሆነ ተወው» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እንኳን ተወለድክ! ጓደኞችህ ሰዓቱን የሚያዩት ለአፍታ ነው። አስረኸው የምትውለው አንተ ነህ። በእነሱ ዐይን አትግዛ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከ5,000ው ቢያንስ 1,000 ዶላር ለይተህ አስቀምጥ። በሞላ የሚሠራ ሰዓት ከዓመታት በኋላ ተፈታቶ መታጠብ፣ ዘይቱም መቀየር አለበት። በብራንዱ የአገልግሎት ማዕከል ይህ ሥራ ብዙ መቶ ዶላር ያስወጣል። ክሮኖግራፍ (ቁልፍ ተጭነው ጊዜ የሚለኩበት ሰዓት) ከሆነ ከ1,000ም ሊያልፍ ይችላል። ያለውን ሁሉ ሰዓቱ ላይ የጨረሰ ሰው፣ ሰዓቱ የቆመ ቀን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ስንት ቆንጆ ሰዓት እንዲህ ሆኖ ቀርቷል!

በቀረህ 4,000 ዶላር አዲስ ሮሌክስ አታገኝም። ያገለገለ ይኖራል፤ ግን ገና ዐይኑ ያልለመደ ሰው የቆየ ሮሌክስ ገበያ ውስጥ ቢገባ በቀላሉ ይሸወዳል። ቱዶርን እይ። ያቋቋመው የሮሌክሱ መሥራች ሃንስ ዊልስዶርፍ ነው፤ ስሙ የተመዘገበው በ1926 እ.ኤ.አ. ነው። ሎንጂንም በዚህ ዋጋ ጥሩ ጥሩ ሰዓቶች አሉት። ከዚያ ዝቅ ማለት ከፈለግህ አውቶማቲኩ (እጅህ ሲንቀሳቀስ ራሱን የሚሞላው) ቲሶ ፒአርኤክስ ከ1,000 ዶላር በታች ነው፤ ሙሉ ከሆነ በኋላ አውልቀህ ብታስቀምጠው 80 ሰዓት ያህል ይሄዳል። በእሱ ማንም አያፍርም።

ሱቅ ሄደህ እጅህ ላይ ሞክረው። ሰው የሚያወራው ስለ ፊቱ ስፋት ነው። ይበልጥ የሚወስነው ግን ማሰሪያው ከሚገባባቸው ቀንዶች ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። ቀንዶቹ ከአንጓህ ጠርዝ ካለፉ ሰዓቱ ትልቅ ሆኖብሃል፤ የቱንም ያህል ቢያምርህ ተወው። የሸሚዝህ እጅጌ ስር መግባቱንም እይ።

አንድ ነገር ደግሞ ቁርጡን እወቅ። የምትፈልገው የማይዛነፍ ሰዓት ብቻ ከሆነ ርካሽ ባለባትሪ ሰዓት ይበልጣል። ውስጡ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ የትኛውም ሞላ አይደርስበትም። ባለሞላ ሰዓት የሚገዛው የሰው እጅ ያገጣጠመውን ያን ጥቃቅን ማሽን ስለወደዱት ነው። ካልወደድከው ገንዘብህን አትጨርስ።

ጥያቄ፦ አዲሱ ሰዓቴ በቀን 5 ሰከንድ ይቀድማል። ፌክ ሸጠውልኝ ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ 5 ሰከንድ መቅደሙ ብቻውን የፌክ ምልክት አይደለም፣ አትስጊ። የስዊሱ የክሮኖሜትር (ልኩን ጠብቆ መሄዱ የተመሰከረለት ሰዓት) ምርመራ ተቋም ኮስክ ለአንድ ማሽን ምስክር ወረቀት የሚሰጠው በቀን ከ4 ሰከንድ በላይ ካልዘገየ፣ ከ6 ሰከንድ በላይ ካልቀደመ ነው። ያንቺ በዚህ ውስጥ ነው። ሮሌክስ ለራሱ ያስቀመጠው ልክ ጠበብ ይላል፤ ወዲህም ወዲያም 2 ሰከንድ።

አንድ ቀን ድንገት በቀን ደቂቃዎች መቅደም ከጀመረ ግን ማግኔት ይዞት ይሆናል። የቦርሳ ማግኔት ቁልፍ፣ ስፒከር፣ የታብሌት ሽፋን ሊያደርሱበት ይችላሉ። ውስጡ ያለችው የፀጉር ያህል የቀጠነች ሞላ እርስ በርሷ ትጣበቅና ሰዓቱ ይሮጣል። ኮምፓስ አጠገቡ አድርጊ፤ መርፌው ከተወዛወዘ ምክንያቱ ታውቋል። ጠጋኙ በማግኔት ማጥፊያ መሣሪያ በሰከንዶች ያስለቅቀዋል። ለዚህ ብሎ ሰዓቱን ልፍታው የሚልሽ ካለ ሌላ ቦታ ውሰጂው።

ጥያቄ፦ ባለቀን አውቶማቲክ ሰዓት ገዛሁ። በሐበሻ ሰዓት ብሞላው ማሽኑን ይጎዳዋል? የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ልቤ ግን አዲስ አበባ ነው። (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። ማሽኑ የማንን ሰዓት እንደምትቆጥር አያውቅም፤ ምንም አይጎዳውም። መጠንቀቅ ያለብህ ቀኗ ላይ ነው።

ብዙዎቹ ባለቀን ሰዓቶች ቀኑን የሚቀይሩት ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ነው፤ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ። ቀኑን የሚገፋው ጥርስ ግን ከዚያ በፊት ነው መያዝ የሚጀምረው። ሰዓት ቆጣሪው ከ9 ተነስቶ በ12 በኩል እስከ 3 ባለው ግማሽ ላይ እያለ መሙያውን ስበህ ቀኑን በእጅህ ከቀየርክ፣ በብዙ ማሽኖች ላይ ጥርሱ ሊሰበር ይችላል። በፈረንጅ ሰዓት ለተሞላ ይህ አደገኛ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ቀን ከመቀየርህ በፊት ቆጣሪውን ወደ 6 አውርደው፣ ቀኑን ቀይር፣ ከዚያ ሰዓቱን ሙላ።

በሐበሻ ሰዓት ከሞላኸው ቀኑ የሚቀየረው ወይ ጠዋት 12 ወይ ማታ 12 ነው። ማታ ከተቀየረብህ ቆጣሪውን 12 ሰዓት ወደፊት አዙረው፤ ከዚያ በኋላ ጎህ ሲቀድ ይቀየራል። ለእኛ ቀኑ የሚጀምረውም ያኔ አይደል?

ቀኑንም በእኛ ካላንደር ልከተል ካልክ ግን ሥራ አለብህ። የሰዓቱ ቀን እስከ 31 ይቆጥራል፤ የእኛ ወር 30 ነው። በፈረንጅ ካላንደር በዓመት 5 ጊዜ ብቻ ታስተካክላለህ። በእኛ 13 ጊዜ ነው። ጳጉሜ ስታልቅ ደግሞ መስከረም 1 ለመድረስ 25 ወይም 26 ቀን መግፋት አለብህ። ከወደድከው በየወሩ መባቻ የምታደርጋት ደስ የምትል ነገር ናት። ካልወደድከው ቀጣዩን ሰዓትህን ያለ ቀን ግዛ።

የአዲስ አበባንም ሰዓት በአንድ ፊት ማየት ትፈልግ ይሆናል። ከአንተ ጋር ያለው ልዩነት በክረምታችሁ 8፣ በበጋችሁ 7 ሰዓት ነው። ሰዓትህን በፈረንጅ ሰዓት ሞልተህ የአዲስ አበባን በሐበሻ ሰዓት ስታነብ ግን በክረምት 2፣ በበጋ 1 ብቻ ነው የምትጨምረው። ጥር ላይ አንተ ዘንድ በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 8 ሲል፣ እናትህ ቤት ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ከ1 እስከ 12 የተጻፈበት የሚዞር ቀለበት ያለው ሰዓት ቢኖርህ ቀለበቱን አዙሮ ማንበብ ነው። ውድ ባለሁለት ሰዓት ሞዴል አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። አንድ ልጅ ያገለገለ ኦሜጋ ስፒድማስተር ፕሮፌሽናል በቴሌግራም በጥሩ ዋጋ ሊሸጥልኝ ነው። ሳጥኑም ካርዱም አለ። ኦርጅናል መሆኑን በምን አውቃለሁ? (ከዱባይ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሳጥንና ካርድም ተመሳስሎ ይሠራል። በእነሱ አትረጂ። ፎቶ አይተሽም ገንዘብ እንዳትልኪ።

ልጁን ሰዓት ጠጋኝ ቤት ቅጠሪው። ካልመጣ መልሱን አገኘሽ። ከመጣ ጀርባው ይከፈት። ስፒድማስተር ፕሮፌሽናል በእጅ የሚሞላ ነው፤ ጨረቃ ላይ በ1969 እ.ኤ.አ. የታሰረው ዓይነት ነው። ሲከፈት የሚወዛወዝ ግማሽ ክብ ብረት ካየሽ አውቶማቲክ ነው፤ ፕሮፌሽናል ነው ማለቱ ውሸት ነው። ሳይከፈትም አንድ ነገር ሞክሪ። የላይኛውን ቁልፍ ተጫኚ። መሀል ያለው ረጅሙ ቆጣሪ መሄድ አለበት። ዙሩን ሲጨርስ በስተቀኝ ያለችው ትንሿ ክብ አንድ ደቂቃ መቁጠር አለባት። በስተግራ ያለችው ደግሞ ቁልፉን ብትነኪም ባትነኪም ሰከንድ እየቆጠረች ትሄዳለች። ብዙ ፌክ ላይ እነዚህ ክቦች ወይ ለጌጥ የተሳሉ ናቸው፣ ወይ ቀንና ወር ነው የሚያሳዩት።

ኦርጅናል ሆኖ የተሰረቀም ሊሆን ይችላል። ተከታታይ ቁጥሩን ውሰጂና ለንደን ያለው የጠፉና የተሰረቁ ሰዓቶች መዝገብ፣ ዋች ሬጂስተር፣ ዘንድ አስፈትሺው። ክፍያው ከምታተርፊው በላይ አይሆንም። ሻጩ ቁጥሩን አልሰጥም ካለ በቃ፣ ተሰናበቺው።

ዘመድ ሊጠይቅሽ ከመጣ ደግሞ ይህን ንገሪው። ጎብኚ ከሱቅ ሲገዛ ፓስፖርቱን አሳይቶ የታክስ ተመላሽ ካስመዘገበ፣ ከከፈለው 5 በመቶ ታክስ አብዛኛውን ሲወጣ ኤርፖርት ላይ ያስመልሳል። ነዋሪ ግን ይህ አይፈቀድለትም።

ጥያቄ፦ ሰዓቴ ላይ ውሃ የሚቋቋመው 50 ሜትር ነው ይላል። ሶደሬ ፍል ውሃ ገብቼበት መስታወቱ ጭጋግ ያዘ። (ከአዳማ)

መልስ፦ ቁጥሩ የተለካው በላቦራቶሪ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ገና አዲስ እያለ ነው። 30 ሜትር ማለት እጅ ለመታጠብና ለዝናብ ነው። 50 ለአጭር ዋና በቀዝቃዛ ውሃ ይሆናል። በደንብ ለመዋኘት 100 ይሁን።

ሙቅ ውሃ ደግሞ ሌላ ነው። ብረቱ፣ መስታወቱና ውስጡ ያለው ጎሚኒ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ በክፍተቱ እንፋሎት ይገባል። ስለዚህ ፍል ውሃ፣ ሳውና፣ ሙቅ ሻወር፣ ጠበልም ቢሆን አውልቀህ ግባ። ጎሚኒው ያረጃል። ውሃ የምትገባበት ከሆነ በዓመት አንድ ጊዜ በግፊት አስፈትሸው።

አሁን ግን ሩዝ ውስጥ አትቅበረው፣ ፀሐይ ላይም አታስጣው። ነገ ሳትል ዛሬ ጠጋኝ ጋ ውሰድና ተከፍቶ ይድረቅ። ጭጋጉ ራሱ ጠፋ ብለህ እንዳትዘናጋ፤ ውሃው ውስጥ ነው ያለው፣ ብረቱን ማዛግ ለመጀመር ብዙ ቀን አይፈጅበትም።

ጥያቄ፦ ከአባቴ በ1950ዎቹ የተገዛ በእጅ የሚሞላ ኦሜጋ ወረስኩ። ዓመታት ቆሞ ነበር፤ ስሞላው ሄደ። አንድ ጠጋኝ «ፊቱን አዲስ ቀለም ልቀባልዎ፣ የብረት አካሉንም ላብራልዎ» አለኝ። ልስጠው? (ከአዲስ አበባ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ አይስጡት፣ እባክዎ። እስኪጠገን ድረስም አይሙሉት። ሄደ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ዘይቱ ደርቋል። በደረቁ ሲሽከረከር ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩት የጥርሶቹ ዘንግ ጫፎች ይበላሉ።

የአባትዎ ሰዓት ፊት ላይ ያለው ወይቦ የመጣ ቀለም ዕድሜው ነው። አንዴ ከተቀባ አይመለስም፤ ሰብሳቢዎችም ዋጋውን በጣም ይቀንሱበታል። ማብራትም እንዲሁ ነው። በተወለወለ ቁጥር ብረቱ ይሳሳል፣ የጎኖቹ ስለት ይጠፋል። በጨለማ የሚያበራ ቀለም ካለው ደግሞ አስከፍተው እንዳይነካኩት። በዚያ ዘመን ሬዲየም የተባለ ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ይቀቡ ነበር፤ ብናኙ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። ጠጋኙ ይህን ካላወቀ የእርስዎ ሰው አይደለም።

ጥሩ ጠጋኝ የሚሠራው ይህን ነው። እያንዳንዱን ብሎንና ጥርስ ይፈታል፣ በማጠቢያ ማሽን ያጥባል፣ በአጉሊ መነጽር ይመረምራል፣ እንደየቦታው የተለያየ ዘይት በመርፌ ጫፍ ይጨምራል፣ ገጥሞ በተለያየ አቀማመጥ ለቀናት ይለካል። በአንድ ቀን መልሰው ይውሰዱ የሚልዎ ይህን አልሠራም። ከመስጠትዎ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ያስይዙ፦ አይቀባ፣ አይወልወል፣ የተቀየረ ዕቃ ሁሉ ይመለስልኝ። ፎቶም ያንሱ። አገር ውስጥ እምነት የሚጣልበት ካላገኙ አሜሪካ ያለ ዘመድ በአሜሪካ የሰዓት ሠሪዎች ማኅበር በኩል የተመሰከረለት ባለሙያ ሊፈልግልዎ ይችላል። አዲስ ሰዓት ለገዙ ልጆችዎም ይንገሯቸው፤ ሮሌክስ በ10 ዓመት ገደማ፣ ኦሜጋ ከ5 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ሰርቪስ ይደረግ ይላሉ።

የማን እንደሆነም በወረቀት ያስፍሩት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት በ2015 እ.ኤ.አ. ለጨረታ ቀርቦ፣ በባለቤትነት ክርክር ምክንያት ከጨረታው ወጥቶ ነበር። ጄኔቫ ውስጥ የተሸጠው በ2017 ነው፤ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ።

ጥያቄ፦ ሰዓት ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል ይባላል። እውነት ነው? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ ለጥቂት ሞዴሎች፣ ለጥቂት ጊዜ እውነት ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ያገለገሉ ሰዓቶች ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ከዚያ ወረደ። ያኔ በብድር የገዙ ሰዎች ተጎድተዋል። አብዛኛው ውድ ሰዓት ከሱቅ በወጣ ቀን ዋጋው ይቀንሳል። ለማሰር ግዛ። ለትርፍ ከሆነ አትግዛ።

ጥያቄ፦ አውቶማቲክ ሰዓቴ ቅዳሜና እሁድ ሳላስረው ሰኞ ቆሞ አገኘዋለሁ። እያወዛወዝኩ ላስነሳው? ሰዓቱን እያዞረ የሚሞላውን ማዞሪያ ሳጥንስ ልግዛ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሳጥኑ አያስፈልግህም፤ መቆሙ አይጎዳውም። ማወዛወዙንም ተው። መሙያውን ወደፊት ከ20 እስከ 40 ዙር ቀስ ብለህ አዙር፣ ሰዓቱን አስተካክል፣ እሰረው። መሙያው በክር የሚዘጋ ከሆነ ስትመልሰው መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ አዙር፤ ክሩ ቦታው ሲገባ ይሰማሃል። ከዚያ እየተጫንክ ወደፊት ዝጋ። ከከበደህ አታስገድደው፤ ፈትተህ እንደገና ጀምር።