ዐሥራ ሦስቱ የምሕረት ባሕርያት፦ መድገሙ ብቻ ይበቃል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ኢየሩሳሌም ነው። ከአይሁድ አዲስ ዓመት በፊት ጎረቤቶቼ ሌሊት እየተነሡ ምኩራብ ይሄዳሉ፤ ዐሥራ ሦስቱን የምሕረት ባሕርያት እየጠሩ ይቅርታ እንደሚለምኑ ነገሩኝ። ብሉይ ኪዳን የቁጣ ዘመን አልነበረም እንዴ? እኔስ ብደግመው ችግር አለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ብሉይን ለቁጣ፣ ሐዲስን ለምሕረት መከፋፈል ስሕተት ነው። «መሐሪ ወመስተሣህል እግዚአብሔር» የምንለው ከዳዊት መዝሙር ነው፤ ቃሉ ግን ቀድሞ ለሙሴ የተነገረ ነው። ሕዝቡ ለወርቁ ጥጃ ሰግዶ፣ ጽላቱ ተሰብሮ፣ ሙሴ ሁለተኛ ወደ ሲና በወጣ ጊዜ ነው የተነገረው (ዘጸ. 34፥6-7)። ጎረቤቶችሽ የሚደግሙትም ይህንኑ ነው።

በተለመደው አቆጣጠር «እግዚአብሔር፣ እግዚአብሔር» መባሉ እንደ ሁለት ይቆጠራል። የታልሙድ (የአይሁድ ሕግ ማብራሪያ መጽሐፍ) መምህራን አንዱን ሰው ከመበደሉ በፊት፣ ሁለተኛውን በድሎ ንስሐ ከገባ በኋላ ላለው ምሕረት ይሰጡታል። ሳይበድል ምሕረት ለምን? ቢባል፣ እንደሚበድል እያወቀ ያኖረዋልና ነው።

ጸሎቱ ሰሊሖት ይባላል። ሴፋራዶች (የስፔንና የምሥራቅ አይሁድ ወግ ተከታዮች) ከአዲስ ዓመቱ በፊት ካለው ከኤሉል ወር መግቢያ ጀምረው ወሩን ሙሉ ይጸልዩታል፤ አሽከናዞች (የአውሮፓ አይሁድ ወግ ተከታዮች) ከአዲስ ዓመቱ በፊት ካለው ቅዳሜ ሌሊት ይጀምራሉ፤ ቢያንስ አራት ቀን ካልቀረው አንድ ሳምንት ያስቀድማሉ። ዐሥራ ሦስቱን በጸሎት ለመጥራት ዐሥር ወንዶች መሟላት አለባቸው። ብቻውን የሆነ ሰው እንደ ጸሎት አይላቸውም፤ በኦሪት ንባብ ዜማ ግን ሊያነባቸው ይችላል። ደግሞም ንባቡን እስከ መጨረሻው አይዘልቁትም፤ «ያነጻል» ላይ ያቆማሉ። በኦሪት ወዲያው «ከቶ አያነጻም» የሚል ይከተላል። መምህራኑ ሲያስታርቁት፣ የሚመለሰውን ያነጻል፣ የማይመለሰውን አያነጻም አሉ።

ጥፋቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ቃሉን እየቆጠረ፣ መመለሱን ይተዋል። በእኛም ዘንድ ጸሎትን እንደ ክታብ የሚይዝ አይታጣም። በገሊላ በሳፌድ ያስተማረው የካባላ (የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት) ሊቅ ሞሼ ኮርዶቬሮ (1522-1570) ይህን በር ዘግቶታል። ባሕርያቱን ከሚክያስ 7፥18-20 እየዘረዘረ፣ ሰው በሥራው እንዲመስላቸው ያስተምራል። የመጀመሪያውን እንዲህ ያብራራዋል፦ ሰው እጁን ለኃጢአት ሲያነሣ፣ በዚያችው ቅጽበት ለእጁ ብርታት የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው። ሊያደርቀው ይችላል፤ አያደርቀውም። ስለዚህ አንቺም የሰደበሽን ሰው ታገሺው፤ ታደርጊለት የነበረውንም በጎ ነገር አትከልክዪው። ይህን ሳነብ የጌታችን «አባታችሁ ርኅሩኅ እንደ ሆነ ርኅሩኆች ሁኑ» (ሉቃ. 6፥36) የሚለው ቃል ትዝ ይለኛል።

የካባላን የሰፊሮት (የአምላክ መገለጫዎች) ትምህርት፣ ሔሴድ (ቸርነት) በቀኝ፣ ዲን (ፍርድ) በግራ፣ ረሐሚም (ምሕረት) በመካከል የሚለውን፣ የእነርሱ መሆኑን ዐውቀሽ እለፊው፤ የእኛ ዶግማ አይደለም።

ንባቡን ግን ያለ ሥጋት ጸልዪበት፤ መጽሐፋችን ነው፣ ዐሥር ሰውም አያስፈልግሽም። በቁጥር አትታመኚ እንጂ። የበደልሽው ሰው ካለ ከእርሱ ጀምሪ። ሚሽና፣ የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ፣ የስርየት ቀን እንኳ ባልንጀራን ካላስታረቁ በእርሱ ላይ የተሠራውን በደል አያስተሰርይም ይላል፤ ጌታችንም መባህን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ብሏል (ማቴ. 5፥23-24)። የመካከለኛው ዘመን የአይሁድ ሕግ ሊቅ ማይሞኒደስ እንደ ደነገገው የተወሰደ ገንዘብ ቢመለስም ይቅርታ መጠየቅ አይቀርም፤ ተበዳዩ እንቢ ካለ ሦስት ወዳጆች ይዞ፣ እስከ ሦስት ጊዜ ይለመናል። አንቺም ሽማግሌ ልከሽ ታረቂ፤ የወሰድሽው ካለም መልሺ፤ ከዚያ ለንስሐ አባትሽ ተናዘዢ፣ ቀኖናሽንም ተቀብለሽ ፈጽሚ።